አራት ሄድፎን በእኩል ድምፅ፦ የሥራ ማስታወሻ

ማክሰኞ ማታ፦ ጠረጴዛው ላይ ያሉት

አራት ሄድፎን ተሰልፏል። ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 የኔው ነው። ለዓመታት ስለሰማሁበት ጠባዩን አውቀዋለሁ። ሴንሃይዘር ኤችዲ 800 ኤስ፣ ፎካል ክሊር እና ኦዴዚ ኤልሲዲ-ኤክስ የውሰት ናቸው። አዋሾቹ ሦስቱም ሲሰጡኝ ያሉት አንድ ነው፦ «የኔን ከሰማህ በኋላ ሌላው አይጥምህም።» ሦስቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም።

ማወቅ የምፈልገው ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። ከድራይቨሩ (ድምፁን ከሚፈጥረው ክፍል)? ከፓዱ (ጆሮ ዙሪያ ከሚያርፈው ትራስ)? ከቮሊዩሙ? ወይስ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ስም? አንድ በአንድ እየነጠልኩ አያለሁ። ሁሉም ተነጥሎ የሚተርፍ ልዩነት ካለ፣ እሱ የሄድፎኑ ነው።

አራቱም ጀርባቸው ክፍት ነው። ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጭውም ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ቤቱ ጭር ሲል ነው። ዝጎቹን ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ። ክፍትና ዝግ ማወዳደር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኤሌክትሮስታቲክ የሚባሉትም ቀርተዋል። የጃፓኑ ስታክስ ከ1960 ጀምሮ የሚሠራቸው ናቸው። የዛሬዎቹ 580 ቮልት የሚሰጥ የራሳቸው አምፕ (ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ሁሉንም በአንድ አምፕ መስማት አለብኝ።

አሠራራቸው ይለያያል። ኤችዲ 650 በ2003 የወጣ፣ የተለመደው ዳይናሚክ ነው። ከስስ ሽፋን ጀርባ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ጥቅሉ በማግኔት መሃል ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሽፋኑንም ይዞት ይንቀሳቀሳል። የ2017ቱ ክሊርም ዳይናሚክ ነው። የሱ ሽፋን ግን ብረት ነው፣ የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ቅይጥ። ኤችዲ 800 ኤስ 56 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት መሰል ድራይቨር አለው። ከጆሮ ራቅ ብሎ፣ ዘመም ተደርጎ ተቀምጧል። ኤልሲዲ-ኤክስ ፕላነር ነው። ጥቅል የለውም፤ ሽቦው ራሱ 106 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ስስ ፊልም ላይ ተነጥፏል። ማግኔቶቹ ፊልሙን በሙሉ ስፋቱ ይገፉታል እንጂ ከመሃሉ ብቻ አይደለም።

ማግኔት ደግሞ ይከብዳል። ኤችዲ 650 260 ግራም፣ ኤችዲ 800 ኤስ 330፣ ክሊር 450፣ ኤልሲዲ-ኤክስ ከ600 በላይ። ይህን ቁጥር አንገቴ በኋላ ያስታውሰኛል ብዬ እገምታለሁ።

ደንብ አወጣሁ። አንድ ዳክ (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጥ መሣሪያ)፣ አንድ አምፕ። ፋይሎቹ ያልታመቁ። ለጊዜው ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) የለም። ደግሞም የሰማሁትን ሳልጽፍ የልኬት ግራፍ (የትኛው የድምፅ ክልል ምን ያህል እንደሚጎላ የሚያሳይ መስመር) አላይም። ግራፍ ካየሁ ጆሮዬ ግራፉን ነው የሚሰማው።

ረቡዕ፦ ቮሊዩም

ከማዳመጥ በፊት ወረቀትና እርሳስ። የፋብሪካው ቁጥር ኤችዲ 650 ላይ 1 ቮልት ሲገባ 103 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይወጣል ይላል። ኤልሲዲ-ኤክስም «103» ይላል። እኩል ይመስላሉ፣ አይደሉም። የኤልሲዲ-ኤክስ 103 የተለካው በ1 ቮልት ሳይሆን በ1 ሚሊዋት ነው። ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ) 20 ኦም ብቻ ስለሆነ 1 ሚሊዋት ለማግኘት 0.14 ቮልት ይበቃዋል። ወደ 1 ቮልት ስመልሰው 120 ዴሲቤል ሆነ። ክሊር 55 ኦም እና በ1 ሚሊዋት 104 ነው፤ ሲመለስ 116.6 ገደማ። ኤችዲ 800 ኤስ በ1 ቮልት 102።

ስለዚህ የቮሊዩም ቁልፉን ሳይነካ ከኤችዲ 650 ነቅሎ ኤልሲዲ-ኤክስን የሚሰካ ሰው 17 ዴሲቤል ይጨመርበታል። 10 ዴሲቤል ሲጨመር ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንደሚል ይታወቃል። 17 ከሦስት እጥፍ ያልፋል።

ይህን ያህሉንስ ማንም ያውቀዋል፤ ደንግጦ ቮሊዩሙን ይቀንሳል። አደጋው ያለው ትንሹ ልዩነት ላይ ነው። የ1 ዴሲቤል ብልጫ «ጮኸ» አያሰኝም። «ጠራ»፣ «ሞላ»፣ «ቤዙ ነፍስ አለው» ነው የሚያሰኘው። ምክንያቱም የጆሮ ነው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ማንሰን በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ከመሃሉ ይበልጥ ይረሳዋል። ከፍ ሲል ይመለስለታል። እና ሰው ቁጭ ብሎ ሄድፎን ያወዳደረ ይመስለዋል፣ ያወዳደረው ግን ቮሊዩም ነው። በቃል የሚነገሩ ንጽጽሮች አብዛኞቹ እዚህ ጋ የሚወድቁ ይመስለኛል።

ግቤ አራቱን በ0.2 ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ማስገባት ነው። የአምፑ ቁልፍ ለዚህ አይበቃም። ማስተካከያውን በኮምፒውተሩ ሶፍትዌር፣ በ0.1 እርምጃ አደርገዋለሁ።

ጆሮዬንም ማሰብ አለብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። እኔ 75 አካባቢ እሠራለሁ። በኤችዲ 650 ላይ 75 ዴሲቤል ማለት 40 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሰዎች «ይህን ሄድፎን ለማንቀሳቀስ ጉልበተኛ አምፕ ያስፈልጋል» ሲሉ ይህን ቁጥር አስባለሁ። እርግጥ ሙዚቃ ውስጥ ከአማካዩ 20 ዴሲቤል የሚዘሉ ምቶች አሉ። ለነሱም ቢሆን ግማሽ ቮልት ይበቃል።

ሐሙስ፦ ጆሮ ውስጥ ማይክሮፎን

ዛሬ የእጅ ሥራ ነበር። ጣት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽዬ ኤሌክትሬት ማይክሮፎን ገዛሁ። ስስ ሽቦ በየድ አያያዝኩባት። ከዚያ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ቆርጬ መሃሉ ላይ ቀበርኳት። መድፈኛው ጆሮ ውስጥ ሲገባ የማይክሮፎኗ ፊት ከጆሮው ቦይ በር ጋር እኩል ይሆናል። ሄድፎኑን ከላይ አደርጋለሁ። ኤሌክትሬት የሚፈልገውን ትንሽ ቮልቴጅ የኮምፒውተሩ የማይክሮፎን ቀዳዳ ይሰጠዋል።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። የጆሮ ቦይ በ3 ኪሎኸርዝ አካባቢ (የኸርዙ ቁጥር ሲያድግ ድምፁ ይቀጥናል) የራሱን ማጉላት ያደርጋል። ቦዩ ስለተደፈነ እሱ አይታይም። ስለዚህ የኔ ግራፍ በሰው ሠራሽ ጆሮ ከተለኩ ግራፎች ጋር አይገጥምም። አይጠበቅበትምም። አራቱ እርስ በርስ ይወዳደሩበታል፣ ያ ይበቃኛል። የማይክሮፎኗ የራሷ ጉድለትም በአራቱም ላይ እኩል ስለሚገባ ሲቀናነስ ይጠፋል።

ሶፍትዌሩ ሩም ኢኪው ዊዛርድ ነው። ነፃ ነው፣ በጣም አሪፍ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ ይለቃል፣ የተመለሰውን ያሰላል።

ለቮሊዩም ማመጣጠኛ አንዲት የ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ መጠቀም ይቀላል። ግን አንዱ ሄድፎን በአጋጣሚ እዚያ ነጥብ ላይ ስርጉድ ካለው ሁሉም ነገር ይዛባል። ስለዚህ ከ500 ኸርዝ እስከ 2 ኪሎኸርዝ የተቆረጠ ፒንክ ኖይዝ (የብዙ ድምፆች ቅልቅል የሆነ ሹሹታ) ነው የተጠቀምኩት። ንግግርን ለመለየት የሚረዳው ትልቅ ክፍል ያለው እዚያ ነው፣ አራቱም ሄድፎኖች ብዙ የማይጣሉበት ሰፈርም ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። ሄድፎኑን አውልቄ መልሼ ሳደርገው ግራፉ ይለወጣል። እስከ 1 ኪሎኸርዝ ድረስ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ ግን ጥቂት ሚሊሜትር መንሸራተት ብዙ ዴሲቤል ያነሳል ወይም ይጥላል። እዚያ ላይ ያለው ሞገድ ርዝመቱ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የጆሮ ቅጠል እጥፋቶች ሁሉ ይነካኩታል። ስለዚህ እያወለቅሁ እያደረግሁ ደጋግሜ ለካሁና አማካዩን ያዝኩ። ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን መስመር ደብዛዛ አድርጌ ሣልኩት። ራሴን እንዳላታልል።

የአምፑንም የውጤት ኢምፒዳንስ (መውጫው ላይ ያለውን የራሱን ተቃውሞ) ለካሁ። ቀላል ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ ለቀቅሁ፣ ምንም ሳይሰካ በመልቲሜትር 1.000 ቮልት አደረግሁት። ከዚያ 33 ኦም ሬዚስተር ሰካሁ፤ 0.985 ሆነ። ሲሰላ ግማሽ ኦም ነው። ለአራቱም ይበቃል።

ለምን እንዳስቸገርኩት ልናገር። ድሮ 120 ኦም የውጤት ኢምፒዳንስ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይመከር ነበር፣ ዛሬም እንደዚያ የተሠሩ አሮጌ መሣሪያዎች አሉ። የኤችዲ 650 ኢምፒዳንስ 300 ኦም ቢባልም ቤዙ ጋ ወደ 500 ይወጣል። በ120 ኦም አምፕ ሲነዳ ቤዙ ከሌላው 1 ዴሲቤል ያህል ያብጣል። ኤልሲዲ-ኤክስ ደግሞ ከታች እስከ ላይ 20 ኦም ሆኖ ስለሚሄድ ቅርጹ አይለወጥም፤ ዝም ብሎ ድምፁ ይቀንሳል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ያንኑ ሄድፎን በተለያየ አምፕ ሰምተው ቢጣሉ ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት፦ መነጽርና ፓድ

ዛሬ ሙዚቃ ልሰማ ነበር። ግን መነጽሬን አድርጌ ልኬት ወሰድኩና ዕቅዱ ተቀየረ።

ኤልሲዲ-ኤክስ ያለ መነጽር ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ጠረጴዛ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ፕላነር እንዲህ ነው፤ ፓዱ በደንብ ከገጠመ ቤዙ አይወድቅም። መነጽር ሳደርግ ግን የመነጽሩ ዘንግ ከጆሮ ኋላ ቀጭን ክፍተት ፈጠረ። ከ60 ኸርዝ በታች 6 ዴሲቤል ገደማ ጠፋ። በአንዲት የፕላስቲክ ዘንግ! ክሊርም ቀነሰ፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ኤችዲ 650 ለውጡ እምብዛም አይታወቅም፤ እሱ ድሮም ቢሆን ታች ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚያጣው ትንሽ ነው።

እንግዲህ መነጽር ያለውና የሌለው ሰው ስለ ኤልሲዲ-ኤክስ ቤዝ ቢከራከሩ ስለ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ነው የሚያወሩት። ጸጉር የበዛበት ጆሮ ግንድም፣ አገጭ አካባቢ የገባ ጉንጭም ያንኑ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ያለ መነጽር ነው የምሠራው።

ቀጥሎ የኤችዲ 650 ፓድ። የኔው ያረጀ ነበር። ስፖንጁ ተጨፍልቆ ጆሮዬ ድራይቨሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አዲስ ፓድ ገጠምኩና ሁለቱን ለካሁ። በአንዳንድ ቦታ 2 ዴሲቤል ያህል ተለያዩ። ይህ ደግሞ አንዳንድ ሰው ሞዴል ቀይሮ ከሚያገኘው ለውጥ አይተናነስም። አዲስ ሄድፎን ከመግዛቱ በፊት ሰው መጀመሪያ ፓዱን ይይ።

«አዲስ ሄድፎን መሟሸት አለበት፣ ለብዙ ሰዓት ካልተጫወተ ድምፁ አይወጣም» የሚሉ አሉ። ምጣድ ይመስል። እኔ የማምነው የሚሟሸው ፓዱ ነው ብዬ ነው። ፓዱ ጭንቅላት ቅርጽ ይዞ ሲለሰልስ ይበልጥ ይገጥማል፣ ቤዙ ይስተካከላል። ጆሮም ይለምዳል። ከዚህ ያለፈውን ግራፌ ላይ ማየት አልቻልኩም።

እሑድ፦ በመጨረሻ ማዳመጥ

ሙዚቃ ከመምረጤ በፊት አንድ ቀረጻ አዘጋጀሁ። እህቴ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ፣ በጥሩ ማይክሮፎን፣ አንድ ገጽ አነበበችልኝ። ምክንያቱም የዘፋኝን ድምፅ ስቱዲዮው እንዴት እንዳደረገው አላውቅም። የእህቴን ድምፅ ግን አውቃለሁ። ሄድፎኑ ሲቀይራት ወዲያው ይታወቀኛል።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው የሚመስለው። እነ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ አየሩ ታግዶ በድንገት ሲለቀቅ የሚወጡ ፊደሎች ናቸው። አጭር፣ ስል ምት አላቸው። ሄድፎኑ ላይኛው ክልል ጋ ጉብታ ካለው «ጸ» መርፌ ትሆናለች። ከጎደለው «ጠ» ከ«ተ» ጋር መመሳሰል ትጀምራለች። «ሰ» እና «ሸ» ደግሞ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ሐሜት ሁሉ ያወጣሉ።

ከሷ ሌላ አንድ ፒያኖ ከድርብ ቤዝ ጋር፣ አንድ ትልቅ መዘምራን፣ አንድ እስከ 30 ኸርዝ የሚወርድ ኤሌክትሮኒክ ቤዝ፣ እና ፒንክ ኖይዝ። ፒንክ ኖይዝ አሰልቺ ነው፣ ግን ከሙዚቃ ይልቅ ቶሎ ያሳብቃል።

ኤችዲ 650። እህቴ እህቴ ናት። ፊት ለፊቴ፣ ቅርብ። መሃሉ ድምፅ ላይ ከአራቱ እሱን የሚያህል አላገኘሁም፤ ይህን የምለው የኔ ስለሆነ እንዳይሆን በኋላ ዓይኔን ተከልዬ እፈትሸዋለሁ። ድርብ ቤዙ ወፍራም ነው፣ የታችኛው ክር ግን ክብደቱ ሳይሆን ጥላው ነው የሚሰማው። 30 ኸርዝ ላይ ከሞላ ጎደል ምንም የለም። መዘምራኑ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብተዋል።

ኤችዲ 800 ኤስ። ግድግዳው ፈረሰ። መዘምራኑ ግራና ቀኝ ብቻ ሳይሆን ከጭንቅላቴ ውጭ ወጥተው ቆሙ። ጓደኞቼ «ሰፊ ነው» ሲሉ አጋነኑ ብዬ ነበር፣ አላጋነኑም። እህቴ ግን ቀጠነች። «ሰ» ላይ ትንሽ ፉጨት አለ። የ2009ኙ ኤችዲ 800 በ6 ኪሎኸርዝ ጉብታው ይታወቅ ነበር፤ በ2016 የመጣው ኤስ ያንን የሚውጥ ነገር ውስጡ ተደርጎለታል። በኔ ጆሮ ላይ ግን ቅሪቱ አለ። ቤዙ ንጹሕ ነው፣ ግን ትሑት ነው።

ክሊር። ከአራቱ በጣም ሕያው። የፒያኖው መዶሻ ክሩን ሲመታ ምቱ ይታወቃል። «ጠ» እና «ቀ» በጣም ያምራሉ። ሙዚቃው ጥግ ጥግ አይልም፣ ወደ ፊት ይመጣል። ስሰማ ብዙ ከቆየሁ ግን ላይኛው ክልል ላይ አንድ የብረት ጠርዝ የመሰለ ነገር አለ። ሽፋኑ ብረት መሆኑን ስለማውቅ ይሆን? እዚህ ጋ ራሴን አላምንም። የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።

ኤልሲዲ-ኤክስ። ኤሌክትሮኒኩ ቤዝ ሲገባ ሳልፈልግ ሳቅሁ። 30 ኸርዝ ሌሎቹ ላይ ወሬ ነው፣ እዚህ ላይ ነገር ነው። አይጎትትም፣ አይንዘፈዘፍም። እህቴ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ድምፅዋ ሙሉ ነው፣ ግን ፊቷን ወደ ሌላ ያዞረች ያህል ነው። ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ባለው ውስጥ ስርጉድ አለ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ግራፉን ከፈትኩ። ስርጉዱ አለ። የኤችዲ 800 ኤስ ጉብታም አለ። የክሊር የብረት ጠርዝ ያልኩት ግን ግራፉ ላይ ደብዛዛ አድርጌ ከሣልኩት ክልል አጠገብ ስለሚወድቅ አልለየሁትም። አልተፈታም።

ማክሰኞ፦ ኬብል፣ በአጭሩ

የኤልሲዲ-ኤክስ ባለቤት የራሱን ልዩ ኬብል ጭምር ነው የሰጠኝ። ለካሁ። ከተራው ኬብል ጋር ያለው የሬዚስታንስ ልዩነት ግማሽ ኦም እንኳ አይሞላም። ግማሽ ኦም ቢሆን ኖሮ በ20 ኦም ሄድፎን ላይ 0.2 ዴሲቤል ነው የሚቀንሰው። በ300 ኦም ላይ 0.01 ገደማ። ግራፎቹ ተደራረቡ። ኬብሉ ለስላሳ ነው፣ አይጠማዘዝም፣ ልብስ ላይ ሲታሽ አይንኳኳም። ስለዚህ ወድጄዋለሁ። ስለ ኬብል ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐሙስ ማታ፦ ኢኳላይዘር

አንዳንድ የሄድፎን ወዳጅ ኢኳላይዘር ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም። ጥያቄዬ ቀላል ነው። የሰማኋቸው ልዩነቶች የቃና ብቻ ከሆኑ ቃናው ሲስተካከል አራቱ መመሳሰል አለባቸው። የማይመሳሰሉት ነገር የቀረው ነው።

ለኤልሲዲ-ኤክስ 3.5 ኪሎኸርዝ ላይ ሰፋ ያለ የ4 ዴሲቤል ጭማሪ። ለኤችዲ 650 ከ80 ኸርዝ በታች 4 ዴሲቤል። ለኤችዲ 800 ኤስ ከ100 ኸርዝ በታች 4 ዴሲቤል፣ በ6 ኪሎኸርዝ ደግሞ ጠበብ ያለ የ3 ዴሲቤል ቅናሽ። ጭማሪ ባለበት ሁሉ ጠቅላላውን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አለዚያ ዲጂታሉ ጣሪያ ይመታና ይቆራረጣል። ከዚያ ቮሊዩሙን እንደገና ማመጣጠን።

ለላይኛው ክልል ማይክሮፎኗን አላምናትም ብያለሁ። እዚያ ያለው ምርጥ መሣሪያ ጆሮ ራሱ ነው። ከ4 እስከ 10 ኪሎኸርዝ አንድ ቀጭን ድምፅ ቀስ አድርጎ ማንሸራተት ነው። የሚወጋበት ቦታ አለ። ቁጥሩን መጻፍ፣ እዚያ ላይ መቀነስ፣ እንደገና ማንሸራተት። በኔ ጆሮ ክሊር 7 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይወጋል። የብረት ጠርዙ ተገኘ! በ2.5 ዴሲቤል ቀነስኩት፣ ጠፋ። ስለ ብረት የጠረጠርኩት ነገር ብረት አልነበረም። የክሊርና የኔ ጆሮ ቅጠል ስምምነት ነው።

ውጤቱ? ኤልሲዲ-ኤክስ ላይ እህቴ ፊቷን መለሰች። ኤችዲ 800 ኤስ ሥጋ አበቀለ። አራቱን እያፈራረቅሁ ስሰማ እሑድ የጻፍኳቸው ትልልቅ ቃላት ትንሽ አሳፈሩኝ። ልዩነቱ በጣም ጠቧል።

ሁለት ነገር ግን አልጠፋም። አንደኛው የኤችዲ 800 ኤስ ስፋት ነው። ኤችዲ 650ን በቃና ላስመስለው ብሞክርም መዘምራኑ ከክፍሉ አይወጡም። ድራይቨሩ ራቅ ብሎ፣ ዘመም ብሎ፣ ድምፁን በጆሮ ቅጠል ላይ አሳልፎ ስለሚልክ ይመስለኛል። ይህ በማጣሪያ (በኢኳላይዘር ማስተካከያ) የሚሠራ አይደለም። ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያለው ጤንነት ነው። ኤችዲ 650 ላይ 30 ኸርዝን ሳነሳው ድምፁ መጣ፣ መዛባቱም አብሮ መጣ። ልኬቱ ላይም ይታያል። ኤልሲዲ-ኤክስ ያንኑ መጠን ያለ ጭንቀት ይሸከማል። ለቃና ብቻ ቢሆን ማጣሪያ ይበቃል፤ ለነዚህ ሁለቱ ግን ድራይቨሩ ራሱ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ፦ ዓይን ተሸፍኖ

የኤልሲዲ-ኤክስ ባለቤት መጣ። በመጀመሪያ ዓይኔን አስሮ አንድ ሄድፎን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ።

«ይኸ ማነው?»

«ኧረ ተው፣ 600 ግራም ጭነህብኝ ማነው ትለኛለህ?»

ሙከራው እዚያው ሞተ። ሄድፎን በዚህ ይከፋል። ስፒከር ከመጋረጃ ጀርባ ይደበቃል፣ ሄድፎን ግን ቆዳ ላይ ነው ያለው። ፓዱ፣ ክብደቱ፣ ሙቀቱ ሁሉ ስሙን ይናገራሉ።

ለዚህ መላ አለ። በ2013 የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ተመራማሪ ሾን ኦሊቭ ከነ ቶድ ዌልቲ ጋር ሆኖ የተለያዩ ሄድፎኖችን ቃና በአንድ ሄድፎን ላይ አስመስሎ የማሰማት ዘዴ አሳይቷል። አድማጩ የሚያደርገው ያንኑ አንዱን ነው። ስም የለም፣ ክብደት የለም። እኔም በአቅሜ ያንን ሠራሁ። ሁሉም በኤችዲ 800 ኤስ ላይ፣ ከልኬቶቼ በወጣ ማጣሪያ፣ በእኩል ቮሊዩም፣ በፊደል ብቻ ተሰይመው። ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው አልተመሰለም። የስፋቱ ነገርም እዚህ አይፈተንም፤ የሁሉም ስፋት የኤችዲ 800 ኤስ ነው። የሚፈተነው ቃና ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ከሁሉ አስቀድሞ የመረጠው የኤችዲ 650ን ቃና ነው። ስሙን ስነግረው «አይደለም» አለ። ፋይሉን አሳየሁት። «እንዴ፣ ታዲያ የኔ የቱ ነው?» የሱ በመጨረሻ ነበር የተቀመጠው። ለጥቂት ጊዜ አኮረፈ። ከዚያ የተስተካከለውን ኤልሲዲ-ኤክስ ጨመርኩለት። እሱን ከኤችዲ 650 እኩል አስቀመጠው።

እኔም የኤችዲ 650ን ቃና አንደኛ አደረግሁ። ለማጣሪያው ደራሲ እውር ፈተና ሙሉ በሙሉ እውር አይደለም፤ የራሴን ሥራ በጠባዩ ልለየው እችላለሁ። ስለዚህ ለጓደኛዬ ምርጫ ነው የበለጠ ክብደት የምሰጠው።

ከሄደ በኋላ ፉባር 2000 በሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ሶፍትዌር ላይ የኤቢኤክስ ሙከራ አደረግሁ። ሁለት ድምፅ ይሰጥሃል፣ ከዚያ ሦስተኛ ይመጣና የትኛው እንደሆነ ትናገራለህ። በ16 ሙከራ 12 እና ከዚያ በላይ በዕድል የመምታት አጋጣሚ 4 በመቶ ገደማ ነው፤ መሥፈርቴ እሱ ነው። ጥያቄው በ6 ኪሎኸርዝ ላይ ያደረግሁት የ3 ዴሲቤል ቅናሽ በእውነት ይሰማል ወይ ነው። በእህቴ ንባብ አለፍኩ፣ ያውም በቀላሉ። «ሰ» እና «ጸ» ያጋልጡታል። በፒያኖ ወደቅሁ። በፒያኖ ግን ከሁለት ቀን በፊት «አየሩ ተለወጠ» ብዬ ጽፌ ነበር። ያንን መስመር ሰርዤዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት፦ ረጅም ማዳመጥ

ዛሬ ሙከራ የለም። እያንዳንዱን በራሱ ማጣሪያ፣ እንደ ተራ ሰው፣ ሥራ እየሠራሁ።

ኤልሲዲ-ኤክስን ቀድሜ አወለቅሁት። ድምፁ አላሰለቸኝም፣ አንገቴ ነው። ወንበር ላይ ተደግፎ ለሚሰማ ሰው ችግሩ ይቀንሳል፤ አጎንብሶ ለሚጽፍ አይሆንም። ክሊር ጥሩ ነው፣ ግን ሥራ አያሠራም። በየመሃሉ ይጠራሃል። ኤችዲ 650 ጎንና ጎኑን ጨበጥ ያደርጋል፤ የኔው የላላ ስለሆነ ችግር አልነበረም። ኤችዲ 800 ኤስ ጆሮ አይነካም። ፓዱ ሰፊ ስለሆነ ጆሮዬ ውስጡ ብቻውን ይቀመጣል። እንዳደረግሁት ረሳሁት፣ ከሰዓቱ በሙሉ እሱ ላይ ሄደ።

አንዱን ብቻ አስቀር ብባል ኤችዲ 800 ኤስን ከማጣሪያው ጋር ነው የምይዘው። ያለ ማጣሪያው ግን ኤችዲ 650ን እመርጣለሁ። ቤዝ ሕይወቱ የሆነ ሰው፣ አንገቱም የሚችል፣ ኤልሲዲ-ኤክስን ይያዝ፤ መነጽር ካለው ግን መጀመሪያ መነጽሩን አድርጎ ይስማው። ክሊር ማጣሪያ ለማይወድ ሰው ከአራቱ ሁሉ የሚመች ይመስለኛል፤ ጆሮው ከኔ ጆሮ የተለየ ቅርጽ ካለው የ7 ኪሎኸርዙን ነገር ጭራሽ ላይሰማው ይችላል።

ማታ ጓደኛዬ ኤልሲዲ-ኤክሱን ሊወስድ መጣ። ማጣሪያውንም ይፈልጋል። ዝም ብዬ አልሰጠሁትም፤ ማይክሮፎኗን ባዲስ ስፖንጅ ለሱ ጆሮ ለካሁለት፣ ድምፅ እያንሸራተትኩም የሚወጋውን ቦታ ጠየቅሁት። የ3.5 ኪሎኸርዙ ጭማሪ ለሱም ይሠራል። ላይኛው ክልል ላይ ግን እኔ ምንም ያልነካሁበት 8.5 ኪሎኸርዝ እሱን ይወጋዋል። እዚያ ላይ 2 ዴሲቤል ቀነስኩለት። ኬብሉንም መለስኩለት። ክሊር እስከሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል፤ ባለቤቱ መነጽር ስለሚያደርግ ከነመነጽሩ መለካት አለብኝ።